ካሜራው ሲመጣ ባለሥልጣኑ ምን አደረገ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም አሜሪካ ውስጥ ስለነበረው የጥቁሮች የመብት ትግል አንድ ገጽ ጽፌ ነበር። መጨረሻው ላይ «ሰልፉን ቴሌቪዥን ባያሳየው ኖሮ ባለሥልጣናቱ እንዳላዩ ያልፉት ነበር» ብያለሁ። ያቺ አንድ መስመር ናት ጉድ ያፈላችው። ደብዳቤው በደብዳቤ ላይ ሆነ። ፒያሳ ማኪያቶዬን ይዤ ቁጭ ባልኩበት እንኳን አንድ የማውቀው ሰው ወንበር ስቦ መጣና ግማሽ ሰዓት ሞገተኝ። ስለዚህ የዛሬው አምድ ሙሉ በሙሉ የናንተ ነው። ዓ.ም. ያላልኩባቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰላም ጋሼ። ስድስት ኪሎ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አስተማሪያችን «የ1964ቱንና የ1965ቱን የመብት ሕጎች ያወጣው ቴሌቪዥን ነው» አለን። እኔ ደግሞ ሕግ የሚያወጣው ኮንግረስ ነው፣ የተደበደበውም ሕዝቡ ነው ብዬ ተከራከርኩ። ክፍሉ ሳቀብኝ። ማን ነው ልክ?

አንተ ነህ ልክ። ግን አስተማሪህ ከምንም ተነስቶ አልተናገረም፤ ለምን እንዲህ እንዳለ ቅደም ተከተሉን እንየው።

ግንቦት 1963፣ በርሚንግሃም፣ አላባማ። የከተማዋን ፖሊስና እሳት አደጋ የሚያዘው ሰው ዩጂን ኮነር ይባላል፤ ሰው «ቡል» ነው የሚለው፣ ኮርማው እንደማለት። ግንቦት 2 ቀን ተማሪዎች እየዘመሩ ከ16ኛው ጎዳና ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ወጡ። ልጆች ናቸው፣ ደብተር የሚይዙ ልጆች። በመቶዎች ታሰሩ። በማግስቱ ሌሎች ወጡ። ያኔ ኮነር የእሳት አደጋውን የውሃ ቱቦና የፖሊስ ውሾችን አዘዘ። ውሃው የልጆቹን እግር ከመሬት አንስቶ ግድግዳ ላይ ይለጥፋቸው ነበር። ካሜራዎቹ እዚያው ቆመው ነበር።

ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ውሻው ልጁን ሲነክስ የሚያሳየውን ፎቶ አይቶ «አሳመመኝ» አለ። እዚህ ላይ ቆም በል። ኬኔዲ ያን ጊዜ ሥልጣን ከያዘ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጠንከር ያለ ሕግ ለማቅረብ ይጠነቀቅ ነበር፣ ምክንያቱም የገዛ ፓርቲው የደቡብ ሴናተሮች እንዳይነሱበት ይፈራል። ፎቶው አዲስ ነገር አልነገረው። የደቡቡን ጉድ ቀድሞም ያውቀዋል። አዲሱ ነገር ዝምታው ራሱ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑ ነው። ሰኔ 11 ማታ በቴሌቪዥን ቀርቦ የዘር መድልዎን የሚከለክል ሕግ አቀርባለሁ አለ። በዚያው ሌሊት፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ፣ የሚሲሲፒው ታጋይ ሜድጋር ኤቨርስ ቤቱ በር ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ።

ከዚያስ? ኬኔዲ ኅዳር ላይ ተገደለ። ምክትሉ ጆንሰን ተረከበ። የደቡብ ሴናተሮች ሕጉ ድምፅ እንዳይሰጥበት ለሳምንታት እየተፈራረቁ ተናገሩ። በመጨረሻ 71 ለ29 በሆነ ድምፅ ንግግሩ እንዲቆም ተደረገ፣ ሐምሌ 2 ቀን 1964 ሕጉ ተፈረመ። ከውሻው እስከ ፊርማው አሥራ አራት ወር ነው። ያንን ሁሉ ጊዜ ያገላበጠው ቴሌቪዥን አይደለም፤ ሰው ነው፣ ያውም የደከመና የታሰረ ሰው።

ሰልማ በምትባል የአላባማ ከተማ ግን ነገሩ ፈጠነ። መጋቢት 7 ቀን 1965፣ እሑድ፣ 600 የሚሆኑ ሰዎች የኤድመንድ ፔተስን ድልድይ ተሻግረው ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ ሞንትጎመሪ ሊሄዱ ተነሱ። ጥያቄያቸው የመምረጥ መብት ነው። ማዶ የአገረ ገዥ ጆርጅ ዋላስ ፖሊሶችና የሸሪፍ ጂም ክላርክ ፈረሰኞች ጠበቋቸው። ዱላ፣ አስለቃሽ ጋዝ፣ ፈረስ። እንዳሁኑ በስልክ ቀርጾ ወዲያው መልቀቅ የለም። ፊልሙ በጥቅል ነው፤ ከአላባማ በአውሮፕላን ኒውዮርክ መድረስ፣ መታጠብ፣ መቆረጥ አለበት። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የተደበደበውን ሰው አሜሪካ ያየው ማታ ነው። ኤቢሲ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ የእሑድ ማታ ፊልሙን አቋርጦ አንድ ሩብ ሰዓት ያህል አሳየ። የተቋረጠው ፊልም ደግሞ የናዚ ዳኞች ጀርመን ውስጥ ለፍርድ ሲቀርቡ የሚያሳይ ነበር። 48 ሚሊዮን ያህል ሰው የናዚ ግፍ ሲፈረድበት እያየ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ አላባማ ዱላ ተሻገረ። በስምንተኛው ቀን ጆንሰን ኮንግረስ ፊት ቆሞ «እናሸንፋለን» የሚለውን የሰልፈኞቹን ቃል በራሱ አፍ ተናገረ። የምርጫ መብት ሕጉ ነሐሴ 6 ተፈረመ።

እንግዲህ ለክፍል ጓደኞችህ ይህን ንገራቸው። ቴሌቪዥን ድልድዩን አልተሻገረም። ሰዎቹ ሊሻገሩ ወስነው ነው ካሜራው የመጣው።

ከአራት ኪሎ ነው የምጽፍልህ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። በጽሑፍህ ክፉዎቹ ሁሉ የደቡብ ሰዎች፣ ደጎቹ ሁሉ ዋሽንግተን ያሉት አስመስለሃል። እውነት ዋሽንግተን ያሉት ካሜራውን ይወዱት ነበር?

እህቴ፣ አይወዱትም። ሲጠቅማቸው ይጠሩታል፣ ሲጎዳቸው ፊቱን ያስዞሩታል። በአንድ ሰው ላይ ላሳይሽ፣ በራሱ በጆንሰን።

ነሐሴ 22 ቀን 1964፣ አትላንቲክ ሲቲ፣ የዴሞክራቶች ጉባኤ። ከሚሲሲፒ የመጣው የፓርቲው ቡድን በሙሉ ነጭ ነው። የግዛቱ ጥቁሮች ደግሞ የራሳቸውን ተወካዮች መርጠው መጥተዋል፤ «ወንበሩ ለኛ ይገባል» ይላሉ። አንዷ ፋኒ ሉ ሄመር ናት። የጥጥ እርሻ ላይ የኖረች ሴት ናት። በ1962 ለመምረጥ ልመዝገብ ብላ ስለሄደች ለ18 ዓመት ከሠራችበት እርሻ በዚያው ቀን ተባረረች። በ1963 ደግሞ ዊኖና የምትባል ከተማ እስር ቤት ውስጥ ክፉኛ ተደበደበች። ይህን ሁሉ ለኮሚቴው ቁጭ ብላ፣ ሳታነብ፣ ከልቧ ትናገራለች። ካሜራው ፊቷ ላይ ነው።

ጆንሰን ያን ጊዜ ምርጫ ሊገባ ነው። የደቡብ ነጮች ጥለውኝ ይወጣሉ ብሎ ፈርቷል። ስለዚህ ምን አደረገ? ድንገት ጋዜጠኞችን ዋይት ሀውስ ጠራ። ጣቢያዎቹ ምክትሉን ሊያሳውቅ ነው ብለው ካሜራውን ከሄመር ላይ አንስተው ወደሱ አዞሩት። እሱ ግን ኬኔዲ ከተገደለ ዛሬ ዘጠኝ ወር ሞላው አለ፤ የሚያስቸኩል ዜና አልነበረውም። ካሜራው ሲመለስ የእሷ ንግግር አልቋል።

ግን አልተሳካለትም። ጣቢያዎቹ ማታ፣ ሰው ከሥራ ገብቶ ቤቱ በተሰበሰበበት ሰዓት፣ የሄመርን ቃል ደግመው አሳዩት። ቀን ሊያየው ከሚችለው ይልቅ ማታ ብዙ ሰው ሰማት። እንደዚያም ሆኖ ፓርቲው ለነሄመር ሁለት ወንበር ብቻ ነው የሰጣቸው። አንቀበልም ብለው ወጡ።

አሁን ወደ ጥር 15 ቀን 1965 ነይ። አምስት ወር እንኳን አልሞላም። ያው ጆንሰን ለማርቲን ሉተር ኪንግ ስልክ ደወለለት። ንግግሩ ተቀርጿል፣ ድምፁ ዛሬም አለ። ጥቁሮች እንዳይመርጡ የሚደረግበትን ከሁሉ የከፋውን ቦታ ፈልግ፣ አላባማም ይሁን ሚሲሲፒ፣ ከዚያ በሬዲዮ አሰማው፣ በቴሌቪዥን አሳየው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ተናገረው ይለዋል። ያኔ ምርጫውን አሸንፏል። አሁን ሕጉን ማሳለፍ ይፈልጋል፣ ኮንግረሱን የሚገፋለት ሕዝብ ያስፈልገዋል። ነሐሴ ላይ ፊቱን ያስዞረውን ካሜራ ጥር ላይ አምጡልኝ አለ።

ጆንሰንን ለማሳነስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ሁለቱንም ታላላቅ ሕጎች የፈረመ ሰው ነው። ግን ፖለቲከኛ ካሜራን ሲያወድስ ስሰማ እኔ መጀመሪያ የማየው ቀኑን ነው፤ ከምርጫ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ቸርችል ጎዳና ላይ ፎቶ ቤት አለኝ። በሙያዬ የምጠይቅህ፣ የደቡብ ባለሥልጣናት ጣቢያዎቹን እንዴት ነበር የሚታገሏቸው? ካሜራ መስበር ብቻ ነው ወይስ ሌላም አለ?

ወንድሜ፣ መስበሩማ ነበር። እሱ ላይ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ። ግን ከመስበር የባሱ ብልሃቶች ነበሩ።

አንደኛው ስም ማጥፋት ነው። ሲቢኤስን «የኮሚኒስት ጣቢያ» ይሉት ነበር። ስሙን ካጠፋህ ምስሉን ማስተባበል አያስፈልግህም። ሰውየው ሲመታ ታይቷል፣ ማንም አልካደም፣ ግን «ማን እንዳሳየው እዩ» ትላለህ፣ በቃ ወሬው ወደዚያ ይሄዳል። ይህ ደግሞ የደቡብ ብቻ አልነበረም። በ1964 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በሪፐብሊካን ጉባኤ፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ስለ ወሬ አራጋቢ አምደኞችና ተንታኞች አንድ መስመር ተናገረ። አዳራሹ በአንድ እግሩ ቆመ። ተወካዮቹ ወደ ጋዜጠኞቹ ዞረው ጡጫቸውን ያወዛውዙ ነበር።

ሁለተኛው ክስ ነው። ይህ አደገኛ ነበር። በ1960 ኒውዮርክ ታይምስ ላይ የኪንግ ደጋፊዎች ማስታወቂያ አወጡ፤ ውስጡ ጥቃቅን ስህተቶች ነበሩበት። የሞንትጎመሪ ከተማ ፖሊስ ኃላፊ ሱሊቫን ስሜ ጠፋ ብሎ ከሰሰ፤ ስሙ ግን ማስታወቂያው ላይ የለም። የአላባማ ዳኞች 500,000 ዶላር ፈረዱለት። ያ አንድ ክስ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኛ ሁጎ ብላክ እንደጻፈው፣ አላባማ ውስጥ በታይምስ ላይ 11 የባለሥልጣናት ክሶች በድምሩ 5.6 ሚሊዮን ዶላር፣ በሲቢኤስ ላይ ደግሞ 5 ክሶች 1.7 ሚሊዮን ዶላር ይጠይቁ ነበር። አስበው እስቲ። በዚያ ዘመን ገንዘብ ነው። የጣቢያው ባለቤት ዘጋቢ አላባማ ከመላኩ በፊት ጠበቃውን እንዲጠይቅ ያደርገዋል፣ ጠበቃው ደግሞ ይቅርብህ ይለዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 1964 ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው ፍርዱን ሻሩት። ባለሥልጣን ከእንግዲህ ስሜ ጠፋ ብሎ ለማሸነፍ፣ ጸሐፊው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም እውነት ይሁን ሐሰት ግድ ሳይሰጠው መጻፉን ማሳየት አለበት አሉ።

ሦስተኛው ጸጥ ያለው ነው፤ እኔን ከሁሉም የሚያበሽቀኝም እሱ ነው። ጃክሰን፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ደብሊውኤልቢቲ የሚባል ጣቢያ ነበር። ከተመልካቹ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጥቁር ነው። በ1955 የጥቁሮቹ ጠበቃ ተርጉድ ማርሻል (በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነው) በብሔራዊው ስርጭት ሲናገር፣ የጃክሰን ሰው ያየው አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው፦ ይቅርታ፣ የመስመር ችግር። ችግር የለም እኮ። ሆን ብለው ነው ያቋረጡት።

በመጋቢት 1964 በአንድ ቤተ ክርስቲያን አስተባባሪነት ሰዎች በድብቅ ቁጭ ብለው የጣቢያውን ስርጭት አንድ ሳምንት ሙሉ መዘገቡ። ምን ታየ፣ ማን ታየ፣ ማን ተዘለለ። ድብቅ የሆነበት ምክንያት ቢታወቅባቸው ሕይወታቸው አደጋ ላይ ስለነበረ ነው። ያንን ይዘው የጣቢያው ፈቃድ እንዳይታደስ ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት አቤት አሉ። መሥሪያ ቤቱ «ተመልካች የመጠየቅ መብት የለውም» አለ። ፍርድ ቤቱ በ1966 አለው ብሎ ፈረደ፤ በ1969 የጣቢያው ፈቃድ ተሰረዘ። ወንድሜ፣ አንተ ፎቶ የሚያነሳውን ሰው አስበህ ነው የጠየቅከኝ። እኔ ግን ያንን ሳምንት እርሳስ ይዘው ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጡትንም አብሬ አስባለሁ።

ካዛንቺስ። ይቅርታ አድርግልኝና እኔ አልተዋጠልኝም። ሰልፉ ለካሜራ ተብሎ የተዘጋጀ ቴአትር ነበር። ፖሊሱን ነካክተው ነው ያስመቱት። አንተ ይህን ለምን አትጽፍም?

ግማሹ እውነት ስለሆነ በደንብ እጽፈዋለሁ።

አዎ፣ ቦታውን መርጠዋል። በርሚንግሃምን የመረጡት ኮነር ቁጡ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። አዎ፣ ፊልሙ ለማታ ዜና እንዲደርስ ሰዓቱን ያስቡበት ነበር። ኪንግና ጓደኞቹ ይህን ደብቀው አያውቁም። ትግሉ የተደበቀውን ግፍ ወደ ፀሐይ ማውጣት ነው ይሉ ነበር።

ግን ለምን እንደዚያ ማድረግ እንዳስፈለጋቸው ታውቃለህ? መልሱ ያለው አልባኒ፣ ጆርጂያ ነው። ከበርሚንግሃም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1961 እና በ1962። የአልባኒ ፖሊስ አዛዥ ሎሪ ፕሪቼት ብልህ ሰው ነበር። ኪንግ ስለ ሰላማዊ ትግል የጻፈውን አነበበ። ፖሊሶቹን ካሜራ ፊት ዱላ እንዳታነሱ ብሎ አሠለጠነ። በአካባቢው ካሉ እስር ቤቶች ጋር ቀድሞ ተነጋገረ፤ የከተማው እስር ቤት እንዳይሞላ እስረኛውን ወደየአውራጃው ያከፋፍላል። ሰልፈኛ ሲመጣ በጨዋነት ያስራቸዋል። ኪንግን ራሱን ሲያስረው ሰውየው ወኅኒ መቆየት እየፈለገ አንድ ያልታወቀ ሰው ቅጣቱን ከፈለለትና ወጣ ተባለ።

ጋዜጠኞች መጡ፣ ዱላ አላዩም፣ ተሰላችተው ሄዱ። አንዳንድ ጋዜጦች አዛዡን አሞገሱት። ኪንግ በነሐሴ 1962 ከአልባኒ ሲወጣ የተጨበጠ ነገር አላገኘም። ከተማው ነጭና ጥቁር እንደተለያየ ነው።

ካሜራ በሌለበትስ? ከአልባኒ ራቅ ያለች ካሚላ የምትባል ከተማ ውስጥ፣ ለእስረኞች ምግብ ልታደርስ የሄደች ነፍሰ ጡር ሴት በጠባቂዎች ተመታች። ልጇ ሆዷ ውስጥ ሞተ። ይህን ማታ ዜና ላይ ማንም አላየም።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ቴአትር ያልከውን ነገር ከዚህ ጋር አስተያየው። ኮነር ውሻውን እንዲለቅ ማንም እጁን አልያዘውም። ልጆቹ እየዘመሩ ነው የወጡት። ቴአትር ከተባለ ያለምንም ጥርጥር የአልባኒው ጨዋነት ነው ቴአትሩ። መድረኩ ላይ ሰላም፣ ከመጋረጃው ጀርባ ካሚላ።

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች እዚህ ሲሰበሰቡ እንግዳ ከሚያመላልሱት ሹፌሮች አንዱ ነበር። «የኡጋንዳው ሰውዬ በጥቁሮቹ ነገር ለኬኔዲ ደብዳቤ ጻፈለት» ይለኝ ነበር። ልጆቼ አያምኑኝም። እውነት ነው? — ሜክሲኮ አካባቢ

እውነት ነው እማማ። ለልጆችዎ ይህን ገጽ ያሳዩልኝ።

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በአፍሪካ አዳራሽ ሲመሠረት፣ የበርሚንግሃም ውሾች ነገር ገና ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው። የኡጋንዳው ጠቅላይ ሚኒስትር ሚልተን ኦቦቴ ለኬኔዲ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። በውሃ ቱቦ የሚመቱት፣ ውሻ የሚለቀቅባቸው ሰዎች ወገኖቻችን ናቸው የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። መሪዎቹም በውሳኔያቸው ከአህጉሩ ውጭ በሚኖሩ የአፍሪካ ልጆች ላይ፣ በተለይ በአሜሪካ፣ የሚደረገው የዘር መድልዎ በጣም እንዳሳሰባቸው ገለጹ። በዚያው አንቀጽ የአሜሪካ መንግሥት መድልዎውን ለማስቆም የሚያደርገውን ጥረት አመሰገኑ። ጠንካራም ለስላሳም ነው።

ያኔ አዲስ አበባ ቴሌቪዥን የለም። የኛው ቴሌቪዥን ጣቢያ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ሥራ የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው። የበርሚንግሃም ምስል እዚህ የደረሰው በጋዜጣና በመጽሔት ገጽ ነው፣ ወሬውም በሬዲዮ። ዋሽንግተንን ያስጨነቃትም ይኸው ነው። ከሶቪየት ጋር በአዲሶቹ የአፍሪካ አገሮች ልብ ላይ እየተሻሙ፣ የበርሚንግሃም ውሻ እዚህ ቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ያለው አዳራሽ ድረስ ተከትሏቸው መጣ። ባለቤትዎ መሪ ጨብጦ ያንን ሰምቶ ለእርስዎ ስለነገረ፣ እርስዎም ስላልረሱት ደስ ብሎኛል።

በእኛ አገርስ ምስል ፖለቲካን ለውጦ ያውቃል? አጠር አድርገህ መልስልኝ።

ያውቃል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ። አንድ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የቀረጸው የወሎ ረሃብ ፊልም በቴሌቪዥን ታየ። መሃል መሃሉ ላይ ደግሞ የቤተ መንግሥት ግብዣ ተቆርጦ ገብቶበታል። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ።

እናቴ ያየችው ዶሮ ማነቂያ ጎረቤት ቤት፣ ከውጭ በመስኮት ነው። ቤቱ ሞልቶ ነበር። ዕለቱ እንቁጣጣሽ ስለሆነ ድፎው ተቆርሶ ገበታው ላይ ነበር፤ ፊልሙ ከጀመረ በኋላ ግን አንድም ሰው እጁን አልዘረጋም ትለኛለች።

ረሃቡ እውነት ነው፣ ሬሳው እውነት ነው፣ የተደበቀውም በግፍ ነው። ግን ሁለቱን ምስሎች አንድ ላይ የሰፋው እጅም የራሱ ሐሳብ ነበረው። ወታደሮቹ ሲሰፉት እያዘኑም እያሰሉም ነበር። ሁለቱንም አብሬ ነው የማስታውሰው።

በ2020 ያየነው የሚኒያፖሊስ ነገርስ? አሁን ሁሉም ሰው ካሜራ ይዟል፣ ፖለቲከኞቹ ምን ቀራቸው? — ስታዲየም

ብዙ ነገር ቀርቷቸዋል። ጆርጅ ፍሎይድ ግንቦት 25 በፖሊስ እጅ ሲሞት የቀረጸችው የ17 ዓመት ልጅ ናት፣ በስልኳ። በአራተኛው ቀን የሲኤንኤን ዘጋቢና ባልደረቦቹ በቀጥታ ስርጭት ላይ እያሉ በካቴና ታሰሩ። ካሜራው መሬት ላይ ተቀምጦ መቅረጹን ቀጥሎ ነበር። የግዛቱ አገረ ገዥ ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ። በ1965 አላባማ ላይ ይቅርታ የጠየቀ አላውቅም፤ ለውጡ ይህን ያህል ነው።

የመጨረሻ ጥያቄ ከፒያሳ። ካሜራ መስበርስ? ምስል የሌለው ግፍ ምን ይሆናል?

ለፎቶ ቤቱ ወንድሜ እመለሳለሁ ያልኩት እዚህ ነው።

ከሰልማው ድልድይ 17 ቀን ቀደም ብሎ፣ የካቲት 18 ቀን 1965 ማታ። ሜሪየን የምትባል ትንሽ የአላባማ ከተማ። ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው አንድ የታሰረ ጓደኛቸውን ሊጠይቁ ጥቂት ሜትሮች ሊሄዱ ነበር። የመንገድ መብራቱ ጠፋ። ፖሊሶቹና አብረዋቸው የቆሙት ሰዎች መጀመሪያ የሄዱት ወደ ጋዜጠኞቹ ነው። ሌንሶች ላይ ጥቁር ቀለም ተረጨ፣ የካሜራ መብራቶች ተሰባበሩ። የኤንቢሲው ሪቻርድ ቫለሪያኒ ጭንቅላቱን በመጥረቢያ እጀታ ተመታ። በማግስቱ ራሱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ አፉ እየተሳሰረ፣ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ዘገበ።

ከዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ ቡና ቤት አለ። የ26 ዓመቱ ጂሚ ሊ ጃክሰን እናቱንና የ82 ዓመት አያቱን ይዞ እዚያ ገባ። ፖሊሶች ተከትለው ገቡ። እናቱን ሲመቱበት ሊከላከል ሲል አንዱ ሆዱ ላይ ተኮሰበት። በስምንተኛው ቀን ሞተ። ከሰልማ በእግር ሞንትጎመሪ እንሂድ የሚለው ሐሳብ የመጣው በእሱ ሞት ነው። ዓለም ያየው ድልድዩን ነው፣ የድልድዩ ምክንያት ግን አንድ ፎቶ እንኳን የለውም።

የተኮሰው ፖሊስ ያን ጊዜ አልተከሰሰም። በ2010፣ ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ፣ ጥፋቱን አመነ። የተፈረደበት ስድስት ወር ነው።